ለሞጣው ወዳጄ፣ ስለ ልጅህ ኩላሊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንዴት ከረምህ? እንዴት ባጀህ? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናታችን እንዴት ናቸው? ዓይናቸውስ ተሻላቸው? ባለቤትህን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲቋረጥ ሲቀጠል፣ ቃል ሳንለዋወጥ ብዙ ዘመን አለፈ። የሚወራው ብዙ ነው፤ ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ትልቁ ልጅህ ነው።

እህትህ ለክርስትና ደብረ ማርቆስ መጥታ ሳለ እኛ ቤት ጎራ ብላ ሁሉን ነገረችኝ። ልጁን ጎኑን ሲያመው ባሕር ዳር ወስዳችሁት፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ የቀኝ ኩላሊቱ ውኃ ቋጥሮ ሥጋው ሳስቶ መገኘቱን፣ የሽንት ቱቦው ውስጥ ጠጠር እንደተቀረቀረ፣ ኩላሊቱም ሥራ አቁሟል መባሉን ሰማሁ። ግራው ደህና ነው፣ እንዲያውም ከወትሮው ተለቅ ያለ ነው ብለዋችኋል። አንተን ይበልጥ ያስደነገጠህም ይኸው “ተለቅ ያለ” የሚለው ቃል ነው አለችኝ፤ ይኸኛውም አብጧል፣ ሊከተል ነው ብለህ። ከዚያ ወዲህ ልጁ እርፍ እንዳይጨብጥ ከልክለኸዋል፤ ለእጮኛውም ቤት ሽማግሌ መላኩን አቆይተኸዋል። “በአንድ በሬ ይታረሳል ወይ?” ብለህም ጠይቀሃታል።

መልስ እስክትጠብቅ አላቆይህም። ልጅህ ያርሳል፣ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ ብቻ አይደለም። አንተ የማታውቀው ነገር አለ፤ ሳንገናኝ በከረምንበት ዘመን ካለፉብኝ ነገሮች አንዱ ነው። የእኔም የግራ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆየ። እንደ ልጅህ ጠጠር ነው ያጠፋው፤ የታየውም በሌላ ሕመም ስመረመር ነው። ያን ጊዜ ክፍል ገብቼ ስለ ኩላሊት ለተማሪዎች የማስተምረውን ሁሉ ለራሴ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ። ሐኪሞቹንም ጠየቅሁ፣ ደጋግሜም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ልንገርህ።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የእያንዳንዱ ኔፍሮን ጫፍ የተቋጠረ ቀጭን የደም ሥር ነው፤ ደሙ እዚያ ይጣራል። ከቋጠሮው ቀጥሎ ጠመዝማዛ ቱቦ አለ፤ ሰውነት የሚፈልገውን ውኃ፣ ጨውና ስኳር ወደ ደም እየመለሰ የማይፈለገውን ወደ ሽንት ይለቃል። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ኩላሊት ነው የሚሄደው። በሁለቱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ነው። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር ፈጣሪ ለሰው ልጅ ምን ያህል ትርፍ አቅም እንደሰጠው ይታየኛል።

የእነዚህ ማጣሪያዎች ቁጥር የሚወሰነው በእናት ማሕፀን ነው። ከእርግዝናው 36ኛ ሳምንት ገደማ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይሠራም። ስለዚህ አንዱ ኩላሊት ሲያቆም ሌላው አዲስ ማጣሪያ አውጥቶ አይደለም ሥራውን የሚረከበው፤ ያሉትን አሳድጎ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በደም ነው። አንደኛው ሲደክም የጤነኛው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ከበፊቱ የበለጠ ደም ይገባለታል። ኩላሊታቸው በቀዶ ጥገና በወጣላቸው ሰዎች ላይ ይህ ለውጥ በቀናት ውስጥ ይታያል። እያንዳንዱ ማጣሪያ በደቂቃ የሚያጣራው መጠን ይጨምራል። ከዚያ እድገቱ ይከተላል። የደም ሥር ቋጠሮዎቹ ይሰፋሉ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያድገው ግን ከቋጠሮው ቀጥሎ ያለው የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ይረዝማል፣ ይወፍራል። ከደሙ ጋር በብዛት የሚደርሰው አሚኖ አሲድ በሴሎቹ ውስጥ ኤምቶር የሚባለውን የእድገት መቆጣጠሪያ ይቀሰቅሰዋል፤ ሴሉም ፕሮቲን እየሠራ ይገዝፋል። በአዋቂ ሰው በዋናነት እንዲህ ያሉት ሴሎች ይተልቃሉ እንጂ ቁጥራቸው ብዙ አይጨምርም። በሕፃንነት ከሆነ ሴሎቹም ይበዛሉ፤ እድገቱም ከአዋቂው ይበልጣል። እንዲያውም ከመጀመሪያው አንድ ኩላሊት ብቻ ይዘው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ከአንድ ሺህ ወይም ከሁለት ሺህ ሰው አንዱ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ያ ያለው አንዱ ኩላሊት ገና በማሕፀን ሳለ ማደግ ይጀምራል።

እንግዲህ ባሕር ዳር ያየው ሐኪም “ተለቅ ብሏል” ያለህ ይህንኑ ነው። የአዋቂ ሰው ኩላሊት ቁመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብቻውን የሚሠራ ኩላሊት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የእኔም አልፏል። ውኃ ያልቋጠረ፣ ሥጋው ያልሳሳ፣ ተለቅ ያለ ኩላሊት ሥራውን የተረከበ ኩላሊት ነው። በዚህ ቃል የደነገጥኸውን ድንጋጤ ተወው።

አንዱ ሲጠፋ ግማሽ አቅም የሚቀር ይመስላል። ግን እንዲያ አይደለም። ኩላሊታቸውን ለወገን የሰጡ ጤነኛ ሰዎች ወራት ቆይተው ሲለኩ፣ በሁለቱ ከነበራቸው የማጣራት አቅም ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ያገኙታል። ይኸውም ለዕለት ኑሮ፣ ለእርሻም ሆነ ለሩጫ ይበቃል።

“በአንድ በሬ ይታረሳል ወይ?” ላልኸው፣ በሬው ብቻውን የማያርሰው ቀንበሩ ለሁለት ስለተሠራ ነው፤ አንዱ የሞተበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጀት አለበት። ኩላሊቶች ግን በአንድ ቀንበር አልተጠመዱም። እያንዳንዱ የራሱ የደም ሥር፣ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ማጣሪያ አለው፤ እያንዳንዱም ሙሉውን ሥራ ያውቃል።

ይህን ጥያቄ አንተ ብቻ አልጠየቅኸውም። እ.ኤ.አ. በ1869 በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ ጉስታቭ ሲሞን የሚባል ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ አንዲት ሴት መጣች። ከቀድሞ ቀዶ ጥገና የተነሣ የሽንት ቱቦዋ ተጎድቶ ሽንቷ በሌላ በኩል ይፈስ ነበር፤ መፍትሔው የዚያን ወገን ኩላሊት ማውጣት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሰው በአንዱ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው አልተረጋገጠም ነበር። ሲሞን መጀመሪያ የውሾችን አንድ አንድ ኩላሊት እያወጣ በቀረው መኖራቸውን አየ፤ ከዚያ ሴትዮዋን ቀደዳት፤ ዳነች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ደግሞ ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሪ የሚመራው ቡድን ከሮናልድ ሄሪክ አንድ ኩላሊት ወስዶ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከለለት። ሰጪው ሮናልድ በቀረችው አንዷ ኩላሊት ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ንቅለ ተከላ ተሠርቷል፤ ወንድም ለእህቱ፣ እናት ለልጇ እየሰጡ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ሰው እያወቀ፣ ፈቅዶ፣ አንዱን ሰጥቶ ከኖረ፣ አንዱ የቆመበት ልጅህ ለምን እርፍ አይጨብጥም?

አንተ ግን ራስህን እየወቀስህ እንደሆነ እህትህ ነግራኛለች። “አብሮኝ እያረሰ፣ አብሮኝ እየበላ እንዴት ሳላውቅ ኩላሊቱ ሞተ?” ትላለህ አሉ። ሊታይህ አይችልም ነበር። ጠጠሩ ቱቦውን ቀስ እያለ ሲዘጋው ሽንቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ ማጣራቱን ይቀንሰዋል፤ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ሥጋው እየሳሳ ይሄዳል። በዚያው መጠን ግራው ሥራውን እየተረከበ ይሄዳል። ሽንቱ አልቀነሰም፣ ፊቱ አላበጠም፣ ጉልበቱም አልደከመም። ደሙ ቢመረመር እንኳ ክሬቲኒኑ፣ ማለት ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከመደበኛው ላያልፍ ይችል ነበር። ጤነኛው ኩላሊት ሥራውን አሳምሮ በመሥራቱ ነው የሌላው ሞት የተሰወረው። አባት ቀርቶ ሐኪምም ያለ ምስል አያየውም።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥልኝ። “ሥራ አቁሟል” ያሉህ በአልትራሳውንድ አይተው ብቻ ነው ወይስ የእያንዳንዱን ኩላሊት ሥራ ለይቶ የሚለካ ምርመራ ተደርጎለት ነው? እህትህ አላወቀችውም። የተዘጋ ኩላሊት በሳምንታት ውስጥ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ወራት ካለፉ ተስፋው ይቀንሳል፤ ዓመት ከሆነው የሚመለሰው ጥቂት ነው። ትንሽ እንኳ ሥራ ከቀረው ጠጠሩን ማንሣት ወይም ቱቦውን መክፈት ይጠቅማል። ፈጽሞ ከሞተ ደግሞ ማስወጣት ግዴታ አይደለም፤ ካልመረቀዘ፣ ካላመመው፣ የደም ግፊቱንም ካላናረው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የእኔን ትተውታል። ይህን ሲወስኑ ልጁ ራሱ አብሮ ይስማ፤ አካሉ የእሱ ነው፣ ዕድሜውም ደርሷል።

አሁን ከባዱን ክፍል ልንገርህ፤ የምስራቹን ብቻ ነግሬህ ብሄድ ወዳጅነት አይሆንም። የቀረው ኩላሊት ሥራውን የሚረከበው በዋጋ ነው። እያንዳንዱ ማጣሪያ ከተፈጠረለት መጠን በላይ እያጣራ፣ በከፍተኛ ግፊት እየሠራ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ብሬነርና ባልደረቦቹ ይህን አጉልተው ጻፉ፤ ከኩላሊታቸው አብዛኛው በተቆረጠባቸው አይጦች ውስጥ የቀሩት ማጣሪያዎች ከሥራ ብዛት ጠባሳ እየሆኑና እየጠፉ ሄዱ፤ አንዱ ሲጠፋ ሥራው በሌላው ላይ ይከመራል። ደግነቱ ግማሹን ማጣት ጤነኛ ሰው ይሸከመዋል። አሜሪካ ውስጥ በኩላሊት ሰጪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በዕድሜ ዘመናቸው ኩላሊታቸው ፈጽሞ ይደክማል ተብሎ የተገመተው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ ይህም ቢሆን ሁለቱም ካላቸው እኩያ ጤነኞች ይበልጣል። ሰጪዎቹ ግን ተመርጠው፣ ተመርምረው፣ ጤነኛ የተባሉ ናቸው። ልጅህ ጠጠር የሚሠራ ሰውነት አለው። ስለዚህ የግራውን መጠበቅ አለባችሁ፤ ጥበቃው ግን ቤት በማስቀመጥ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ያዝልኝ። ጠጠር የሠራ ሰው ሌላም ሊሠራ ይችላል፤ ያ ጠጠር የግራውን ቱቦ ከዘጋ የሚተካ የለም። ሽንት ጭራሽ ከቆመበት፣ ወይም የግራ ጎኑን አጥብቆ አሞት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን፣ መኪና ተለምኖም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይድረስ፤ እዚያም መጀመሪያ የሚናገረው “አንድ ኩላሊት ብቻ ነው ያለኝ” የሚለውን ይሁን። በሰዓታት ውስጥ ቱቦው ከተከፈተ ኩላሊቱ ይተርፋል። ይህንን ባለቤትህም፣ ወንድሞቹም፣ ወደፊት የሚያገባትም ልጅ ይወቁት።

ውኃ ይጠጣ። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪወጣው፣ ሽንቱም የጠራ ሆኖ እስኪታይ። ወደ ዓባይ ቆላ ወርዳችሁ ስትሠሩ በላብ የሚወጣው ብዙ ስለሆነ ጀሪካኑ ከእርፉ አይለይ። ጠላ ውኃን አይተካም፤ ኩላሊት ያጥባል የሚሉትን አትስማ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ጠጠር ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእኔ አባት ነገሩን ሲሰሙ ውኃ እንድጠጣ ወዲያው ነው የፈቀዱልኝ።

መድኃኒት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ጥብቅ ሁን። ወገቡን ሲያመው ዳይክሎፌናክ መወጋት፣ አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ ይቅር። እነዚህ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ደም የሚቀንሱ ናቸው፤ በተለይ ላብና ተቅማጥ ባደረቀው ሰው ላይ ብቻውን የሚሠራውን ኩላሊት ሊጎዱት ይችላሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል በልክ ይበቃዋል። ምንነቱ ያልታወቀ ሥራ ሥር ማንም ቢያመጣለት አይጠጣ፤ እናታችን ከመውደዳቸው የተነሣ ሊያመጡለት ይችላሉ፣ በአክብሮት ንገራቸው። ጠበሉን ይጠመቅ፤ የሐኪሙን ግን አያቋርጥ።

በዓመት አንድ ጊዜ ደሙ ለክሬቲኒን፣ ሽንቱ ለፕሮቲን ይመርመር፤ አልትራሳውንዱንም ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይነሣ። የደም ግፊቱ ግን ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ጤና ጣቢያም ይለካሉ። ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ከታየ ማጣሪያዎቹ ግፊቱ በዝቶባቸዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እንደ ኤናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ሊያዝዙለት ይችላሉ፤ ከማጣሪያው የሚወጣውን የደም ሥር በማላላት የውስጡን ግፊት ያወርደዋል። የደም ግፊቱ ደህና ሳለ ለምን ታዘዘልኝ ብሎ እንዳይተወው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልህም። ጨው ይቀንስ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ሌላ አይጨመርበት። ሥጋና ወተት መከልከል አያስፈልገውም፤ ከመጠን አይብዛ እንጂ። ሲጋራ የሚባል አይንካ።

ኳስ ይጫወት። የገና ጨዋታ ላይ ግን ዱላው ጎኑን እንዳይመታው ተመልካች ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሞተር ብስክሌት ላይም ቀስ ይበል።

ስለ ሽምግልናው፤ ነገሩን ከልጅቱ አትደብቁ። ቤተሰቧም ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእናንተ ይስሙት። አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ልጅ ከመውለድ አይከለከልም፤ በጠጠር ምክንያት የቆመ ኩላሊትም ለልጅ እንደ ውርስ አይተላለፍም። ጠጠር የመሥራት ዝንባሌ ግን በቤተሰብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ታናናሾቹም ውኃቸውን ይጠጡ፤ ጎኔን የሚል ካለ ይታይ። የልጅቱ አባት የሚጠራጠሩ ከሆነ እኔ ራሴ መጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። እኔ እንደሆነ ቆሜ አስተምራለሁ፣ ከልጆቼ ጋር የጮቄን ተራራ ወጥቼ ወርጃለሁ። የእኔን አካል አይተው ይመኑ።

በርታ ወንድሜ። ልጁ የአንተን ፊት ነው የሚያየው፤ አንተ እንደ በሽተኛ ካየኸው እሱም ራሱን እንዲያ ያያል። ሰኔ ሲገባ በሬውን ራሱ ይጥመድ።

የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የደም ምርመራውን ውጤት በስልክ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ እዚህ የማውቀው ሐኪም አለ፣ አሳየዋለሁ። ለክትትል ወደ ደብረ ማርቆስ መምጣት ከቀለላችሁ ሆቴል አትከራዩ፤ ቤታችን ሰፊ ነው፣ ባለቤቴም አልጋውን አዘጋጅታለች። መልስህን ቶሎ ስደድልኝ። ኔትወርክ እንቢ ካለህ ለእህትህ ንገራት፣ ታደርስልኛለች።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ